ሰባት ቀን በእግር፤ ከእንጦጦ ራስ እስከ አባ ሳሙኤል

ከአዲስ አበባ ነዋሪዎች አንዱን «የምትጠጣው ውኃ ከየት ይመጣል?» ብለው ቢጠይቁት «ከቧንቧ» ይላል። «የታጠብህበትስ ወዴት ይሄዳል?» ቢሉት «ወደ ወንዝ» ብሎ ያልፋል። የትኛው ወንዝ እንደ ሆነ፣ ወንዙስ ወደ ማን ማሳ እንደሚወርድ ግን ብዙ ሰው አያውቅም። ከቤቱ ወደ ሥራው፣ ከሥራው ወደ ቤቱ በታክሲ የሚመላለስ ሰው የከተማውን ዳርቻ የሚያየው ለበዓል ወይም ለለቅሶ ወደ አገር ቤት ሲወጣ በመኪና መስኮት ብቻ ስለ ሆነ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ አባቶቻችን «ውኃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» ብለዋል። የከተማችን ነገር ሥሩ ያለው ከዳርቻዋ ነው፤ በደንብ የሚታየውም በእግር ሲኬድ ነው።

ስለዚህ ተማሪው ከዕረፍት ጊዜው፣ ወጣቱም የመንግሥት ሠራተኛ ከዓመት ፈቃዱ አንድ ሳምንት ቆርጦ፣ ከባልንጀሮቹ ጋር በኅብረት የአዲስ አበባን ዙሪያ በእግሩ ቢያይ መልካም ነው እንላለን። ወራቱ ጥቅምት ወይም ኅዳር ቢሆን ይመረጣል። ክረምቱ ስላለፈ ጭቃው ደርቋል፤ ምንጮቹ ገና አልነጠፉም፤ የደጋው ገብስም መብሰል ጀምሯል። ራቅ ወዳለው ቦታ በአውቶቡስ ተሂዶ ከዚያ ወዲያ በእግር መጓዝ ይቻላል። የጉዞው ሥርዓት እንደሚከተለው ቢሆን ውኃውን ከራሱ እስከ ግርጌው ያሳያል።

ሰኞ፣ እንጦጦ። ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ አቀበቱን ቀስ እያሉ መውጣት ነው። የተራራው ራስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ስለሚበልጥ ያልለመደ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ማረፍም ነውር አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነው። እቴጌ ጣይቱ ግን አስቀድሞ በ1879 ዓ.ም. ከፍል ውኃው አጠገብ አዲሱን ከተማ ቆርቁረው ነበርና፣ ብርዱና የማገዶው እጥረት ያስመረረው ሰፈር ቀስ በቀስ ወደ ታች ወረደ። ከታሪኩ ሌላ ልብ ሊባል የሚገባው የተራራው ጀርባ ነው። ከአንድ ደመና የወረደ ዝናብ እዚህ ሁለት ቦታ ይከፈላል። ወደ ሰሜን የወደቀው በሱሉልታ ሜዳ አድርጎ ወደ ሙገር፣ ከሙገር ወደ ዐባይ ይገባና ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል። ወደ ደቡብ የወደቀው በቀበናና በመሰሎቹ ጅረቶች ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂም ወደ አዋሽ ይወርዳል። አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ ሐይቆች ውስጥ ይቀራል። አዲስ አበባ የተቀመጠችው በዚህ በደቡቡ ተዳፋት ላይ ነው።

ማክሰኞ፣ ጉለሌ። ትናንት የታየው ጫካ አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነበር። ይህ ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ ሲሆን ለከተማይቱ ባለውለታ ነው። ማገዶ አልቆ መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር በታሰበበት ጊዜ፣ ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ከቦታዋ አጽንቷታል። ነገር ግን ከሥሩ ሣርና ቁጥቋጦ እንደ ልብ ስለማይበቅል፣ በተዳፋት ላይ ዝናቡ አፈሩን ይዞ ይወርዳል። ከ700 ሄክታር በላይ በሚሰፋው በጉለሌ የዕፅዋት ማእከል ግን ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ኮሶና ሌላውም የአገር ዛፍ ሲለማ ይታያል። ከባሕር ዛፉና ከአገሩ ዛፍ ሥር አንድ አንድ እፍኝ አፈር አንሥቶ ማነጻጸር ከመጽሐፍ የማይገኝ ትምህርት ይሰጣል።

ረቡዕ፣ የካ። ከኮረብታው ላይ ዋሻ ሚካኤል የተባለው ከዐለት የተፈለፈለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። ጣሪያው የፈረሰ ቢሆንም የጠራቢዎቹን ትዕግሥት ገና ይመሰክራል። ከዚያ ወደ ታች ሲመለከቱ ጅረቶቹ በቤቶች መካከል ተጨንቀው ሲያልፉ ይታያሉ። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ ከወንዝ ዳር ሰፈሮች ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ከዚህ ከፍታ ሆኖ ለተመለከተው ሰው ነገሩ እንቆቅልሽ አይሆንበትም። ከላይ ያለው ተራራ ዛፉን ሲያጣ፣ ከታች ያለውም ወንዝ መፍሰሻው ሲጠብ፣ ውኃው የሰው ቤት ይገባል።

ሐሙስ፣ ለገዳዲ። ከከተማው በስተ ምሥራቅ በደሴ መንገድ ይገኛል። «ለገ» በኦሮምኛ ወንዝ ማለት ነው፤ «ዳዲ» ደግሞ ጠጅ ነው። የአዲስ አበባ ሕዝብ ከሚጠጣው ውኃ ከፊሉ የሚጠራቀመው በዚህ ግድብ ነው። የግድቡ አጥር ግቢ ጥበቃ ስላለው ዙሪያውን ለመሄድ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ይገባል። በዙሪያው ያለው አገር የገበሬ ማሳ ነው። ተዳፋቱ ሲታረስ በክረምት የሚታጠበው አፈር ወደ ግድቡ ይገባል፤ ውኃውም ይደፈርሳል፤ የደፈረሰውን ለማጥራት የሚፈስሰው መድኃኒትና ገንዘብ ይበዛል፤ ደለሉም የግድቡን ሆድ እየሞላ የሚይዘውን ውኃ ያሳንሰዋል። እንግዲህ ገበሬው እርከን ቢሠራ የሚጠቀመው እርሱ ብቻ አይደለም፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ቡና የሚያፈላው የከተማ ሰውም ነው። ከተማው ግን ለዚህ ለገበሬው ምን እየከፈለ ነው? ይህን ጥያቄ ተማሪዎች በመንገድ ላይ ቢከራከሩበት ይገባል።

ዓርብ፣ ገፈርሳ። ይህ በአምቦ መንገድ የሚገኝ ከለገዳዲ የሚቀድምና የሚያንስ ግድብ ነው። ከለገዳዲው ድካም በኋላ የዚህ ቀን መንገድ ቀላል ነው። በማለዳ ለደረሰ ሰው በአገራችን ብቻ የሚገኘው ክንፈ ሰማያዊ ዝይ ከውኃው ዳር ሲግጥ ሊታይ ይችላል። በዚህ ቀን ከወፎቹ ሌላ ከአካባቢው ሰዎች ጋር መጫወት ይመከራል። አዛውንቶቹ ሜዳው ቀድሞ ምን እንደ ነበረ፣ የትኛው ምንጭ እንደ ደረቀ፣ የትኛውስ ማሳ ወደ ሰፈርነት እንደ ተለወጠ ይናገራሉ።

ቅዳሜ፣ መናገሻ። በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን በ15ኛው ምእተ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ጽድ እንደ ተተከለበት ይተረካል። በጥበቃ ሥር ከቆዩት የአገራችን ደኖች አንዱና ስመ ጥሩው ነው። ከግርጌው ጽድና ዝግባ፣ ከፍ ሲል ኮሶ፣ ከራሱ አስታ እየተከታተሉ ይገኛሉ። ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል፤ ዕድል የቀናውም ድኩላ ያያል። ከእግር በታች ያለው መሬት እንደ ፍራሽ ለስላሳ ነው፤ ዝናቡን የሚጠጣና ለበጋ የሚያቆይ የብዙ ዘመን ቅጠል ነውና። ማክሰኞ ዕለት አፈሩን በእጁ የዳሰሰ ሰው ልዩነቱን እዚህ በእግሩ ይረዳዋል።

እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አቃቂና አባ ሳሙኤል። ከእንጦጦ ራስ ወደ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወደሚገናኙበት ነው የሚደረሰው። በጣልያን ወረራ ዘመን የተሠራው የአባ ሳሙኤል ግድብ 6.6 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ፣ በአገራችን የመጀመሪያው የውኃ ኀይል ማመንጫ ነበር። ለብዙ ዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ በ2009 ዓ.ም. ታድሷል። የሚያሳዝነው ግን ውኃው ነው። ሰኞ ዕለት ከምንጩ ጥርት ብሎ የታየው ውኃ እዚህ የሚደርሰው የቤቱን እጣቢ፣ የመጸዳጃውን ፍሳሽ፣ የፋብሪካውን ቀለምና የፕላስቲኩን ጠርሙስ ተሸክሞ ነው። በወንዙ ዳር አትክልት የሚያለሙ ሰዎች ሌላ ውኃ ስለሌላቸው ሰላጣውንና ጎመኑን ያንኑ ያጠጡታል፤ አትክልቱም ተመልሶ ወደ ከተማው ገበያ ይወጣል። ከዚህም በላይ የአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ለከተማዋ የመጠጥ ውኃ ከሚሰጡት ዋና ዋና ምንጮች አንዱ ናቸው። እኛ ከላይ የጣልነውን ከታች ያለው ይቀበላል፤ ጥቂት ቆይቶም ከማዕዳችን ላይ እናገኘዋለን።

«ይህን ሁሉ ለብቻዬ ብሄድስ?» የሚል ይኖር ይሆናል። በኅብረት መሄድ የሚሻልበት ምክንያት ግን አለ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው ውኃውም፣ ስንቁም፣ የመጀመሪያ እርዳታ መድኃኒቱም ሲከፋፈሉት ይቀላል። ቡድኑ ከአሥርና ከአሥራ አምስት ሰው ባይበልጥ ጥሩ ነው። መንገድ የሚያውቅ ከፊት፣ ጠንካራና ታጋሽ የሆነ ከኋላ ይሁን፤ ርምጃውም የሚለካው በደካማው እንጂ በፈጣኑ አይሁን። ሁለት ሊትር ውኃ፣ ቆሎና ዳቦ፣ የለመዱት ጫማ፣ ለብርዱም ጋቢ ወይም ሹራብ ይበቃል። ከመነሣት በፊት የመንገዱን ሰላም መጠየቅ፣ ጀንበር ሳትጠልቅም መመለስ ያስፈልጋል፤ በእንጦጦ ጅብ አለና።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ሥነ ሥርዓት ነው። የምንሄድበት አገር ባለቤት አለው። ገበሬውን ሲያገኙ ቆሞ ሰላምታ መስጠት፣ በኦሮምኛም «አካም ጅርቱ» ማለት ይገባል። በማሳ መካከል ማቋረጥ፣ ከሰው እሸት ሳይጠይቁ መቅጠፍ፣ እንጨት የተሸከመችን ሴት ሳያስፈቅዱ ፎቶግራፍ ማንሣት የተማረ ሰው ጠባይ አይደለም። የበሉበትን ወረቀትና የጠጡበትን ጠርሙስ ከጫካው ውስጥ የሚጥሉ ከሆነ ደግሞ እሑድ ዕለት አባ ሳሙኤል ላይ ማዘናቸው ከንቱ ነው።

የዚህ ሁሉ ጥቅሙ ለሰውነት ጤንነት ብቻ አይደለም። ዛሬ ተማሪ የሆነው ነገ መሐንዲስ፣ የጤና ባለሙያ ወይም የመሬት አስተዳደር ሹም ይሆናል። በጽሕፈት ቤቱ ካርታ ላይ «ክፍት ቦታ» ተብሎ በነጭ የተተወው፣ በእግሩ ለሄደበት ሰው የአንድ ቤተሰብ የገብስ ማሳ ነው፤ በቀጭን ሰማያዊ መሥመር የተሳለው ደግሞ በነሐሴ ሰው የሚወስድ ወንዝ ነው። እርሻን የሚያነሣ፣ ፋብሪካን የሚተክል ወይም ሰፈርን የሚመሠርት አንድ ፊርማ ከነዚህ ሁሉ ላይ ያርፋል። ያን ሳምንት በእግሩ የተጓዘ ወጣት ሹም ፋይሉ ከጠረጴዛው በደረሰ ጊዜ፣ ከመፈረሙ በፊት «ይህ ቦታ የማን ነው? ውኃውስ ወዴት ይወርዳል?» ብሎ ይጠይቃል።