ፊልሙ ለማን ነው? ለሚዲያ ፈተና ለምትዘጋጁ የወሎ ልጆች



ሰሞኑን ከሐይቅም፣ ከውጫሌም፣ ደሴ ካላችሁትም በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል፦ «ፈተና ደርሷል፤ የፊልም ማርኬቲንግና ተመልካች የሚለውን ምዕራፍ እንዴት እናጥናው?» ሃንዳውቱን የላካችሁልኝ አላችሁ፤ አየሁት። ትርጓሜው ደህና ነው፤ ምሳሌው ግን ከዳር እስከ ዳር የሆሊውድ ነው። ተማሪው ያላየውን ፊልም፣ ያልረገጠውን ሲኒማ ቤት ሸምድዶ ፈተና ይገባል፤ ጥያቄው ትንሽ ሲጠመዘዝበት የሚጽፈው ያጣል። ስለዚህ ዛሬ ምዕራፉን በአገራችን ምሳሌ ልዘርዝርላችሁ። ረዘም ይላል፤ ሴቭ አድርጉትና ተረጋግታችሁ አንብቡት።

ከሁሉ በፊት ይህን ያዙ። ማርኬቲንግ ሲባል አብዛኛው ተማሪ ስለ ፖስተርና ትሬይለር ብቻ ይጽፋል። እነሱ የሚመጡት መጨረሻ ላይ ነው። ሥራው የሚጀምረው በሦስት ጥያቄ ነው፦ ፊልሙ ለማን ነው? ያ ሰው የት ሆኖ ያየዋል? ማን ቢነግረው ያምናል? ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በእነዚህ ጥያቄዎች ዙሪያ ነው።

1. ከካሜራ እስከ ወንበር

ፊልም ሦስት ደረጃ ያልፋል፦ ዝግጅት፣ ሥርጭት፣ ማሳየት። ሥርጭት እንዴት እንደተለወጠ ከተጠየቃችሁ የስቲቨን ስፒልበርግን «ጆውስ» ጥቀሱ። እ.ኤ.አ. በ1975 በአሜሪካ በ409 ሲኒማ ቤቶች በአንድ ቀን ተከፈተ፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ምሽቶች ቴሌቪዥኑ በማስታወቂያው ተጥለቅልቆ ነበር። ቀድሞ ትልልቅ ፊልሞች በጥቂት ከተሞች ጀምረው ቀስ በቀስ ነበር የሚስፋፉት።

የእኛ አገር ፊልም አሁንም የሚሄደው በቀድሞው መንገድ ነው። አዲስ አበባ ላይ ቀይ ምንጣፍ ተነጥፎ ይመረቃል፣ እዚያው ይከርማል፤ ወደ ክፍለ ሀገር የሚወጣው ከቀናው ነው። ማሳያ አዳራሽ ጥቂት በሆነበት አገር ደግሞ አዳራሹን የያዘ ብዙ ነገር ይወስናል። የ«ቀዝቃዛ ወላፈን» እና የ«ቀይ ስህተት» አዘጋጅ ቴዎድሮስ ተሾመ የራሱን ሴባስቶፖል ሲኒማ የከፈተበትን ምክንያት ከዚህ አንጻር እዩት። አንድ አካል ዝግጅቱንም ማሳያውንም ሲይዝ አቀባዊ ውህደት ይባላል። ለፈተና ይህን አንድ ምሳሌ ብትጽፉ በቂ ነው።

2. የቪዲዮ ቤቱ ሰሌዳ

ሐይቅ ያደግን ልጆች ሲኒማን ያወቅነው በቪዲዮ ቤት ነው። የጭቃ ግድግዳ፣ የጣውላ አግዳሚ፣ ከፊት ከፍ ተደርጎ የተቀመጠ ቴሌቪዥን፣ ደጅ ላይ ጥቁር ሰሌዳ። ያንን ሰሌዳ ልብ በሉልኝ። የፊልሙ ርዕስ ብዙ ጊዜ አይጻፍበትም ነበር። በጠመኔ የሚጻፈው «8፡00 ቫንዳም፣ 10፡00 ህንድ፣ ማታ ኳስ» ነው።

ባለቤቱ ማርኬቲንግ የሚል መጽሐፍ ገልጦ አያውቅም፤ ግን ምዕራፋችሁ ውስጥ ያለውን በሙሉ ሠርቶታል። ቫንዳም ሲል በኮከብ ተዋናይ እየሸጠ ነው። ህንድ ሲል በዘውግ እየሸጠ ነው፤ ዘፈን፣ ፍቅር፣ በቀልና የእናት እንባ እንዳለበት ሁሉም ያውቃል። ሰዓቱንም በዘፈቀደ አልመረጠውም። 8 ሰዓት የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ከተለቀቀ በኋላ ነው፤ ማታ ደግሞ ከሥራ የወጣው፣ መኪናውን ያቆመው ሹፌርና ረዳቱ ይገባል። ተመልካቹን በዕድሜ፣ በሥራና በኪሱ ለይቶታል። ፈተናው ላይ «ዲሞግራፊክ» የሚለው ቃል ሲመጣ ይህ ሰሌዳ ትዝ ይበላችሁ።

አሁን ከባዱን ጥያቄ ጠይቁ፦ ማን አይገባም ነበር? እህቶቻችን። በሕግ የከለከላቸው አልነበረም፤ ጨለማው፣ የወንዱ ግፊያ፣ የሰፈሩ አፍ በቂ ነበር። ስለዚህ ማሳያው ቦታ ራሱ ግማሹን ሕዝብ ከበር መልሷል። ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ጀምሮ በአማርኛ ድምፅ የተተረጎሙ የቱርክ ድራማዎችን ሳሎን ድረስ ይዞ ሲመጣ፣ ቪዲዮ ቤት በር ላይ የቀረውን ተመልካች ቤቱ ሄዶ አገኘው። «ሴቶች ድራማ ይወዳሉ» ብሎ የሚያልፍ ተማሪ ዝንባሌን ብቻ ነው የጻፈው። «ቦታው ማንን አስገባ፣ ማንን አስቀረ?» ብሎ የጠየቀ ግን ተንትኗል፤ ነጥብ የሚያሰጠውም ይኸኛው ነው።

3. «ተመልካች የለውም» የተባለው ፊልም

ከጎንደር ተነስቶ አሜሪካ የገባው ኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ»ን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1993 በርሊን ፌስቲቫል ላይ ለውድድር አቀረበው። ፊልሙ ስለ ባርነት ነው፤ የሚናገረውም በባሪያዎቹ ዓይን ሆኖ ነው። የአሜሪካ አከፋፋዮች አንቀበልም አሉ። ኃይሌና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና ማንንም አልለመኑም። ሲኒማ ቤት በራሳቸው ተከራዩ። ጥቁር አሜሪካውያን በሚኖሩባቸው ከተሞች የአካባቢውን ሰው አስተባብረው፣ ወሬው ከሰው ወደ ሰው እንዲሄድ አድርገው ከከተማ ከተማ አዞሩት። ሰው ተሰልፎ ገባ። በኋላ ዋሽንግተን ውስጥ ከሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት በዚሁ ስም የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር ከፈቱ፤ ተመልካቹ ፊልሙ ካለቀ በኋላም የሚሰባሰብበት ቦታ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2021 ፊልሙ ታድሶ በአቫ ዱቨርኔይ ድርጅት አማካይነት ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ።

ይህ ታሪክ በፈተና ላይ ሁለት ነገር ያስረዳል። አንደኛ፣ ጠባብ ግን ታማኝ ተመልካች ምን ያህል እንደሚያዋጣ። ሁለተኛ፣ «ገበያ የለውም» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የሚገልጸው የአከፋፋዩን ዓይን መሆኑን። ተመልካቹ ቀድሞም ነበር፤ የጠራው አልነበረም።

4. ማን ቢነግረው ያምናል?

ፖል ላዛርስፌልድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1940 ኦሃዮ ውስጥ የምርጫ ዘመቻን ሲያጠኑ፣ ሰው ከሬዲዮና ከጋዜጣ ይልቅ በሚያምነው ሰው እንደሚመራ አዩ። ኤሊሁ ካትዝና ላዛርስፌልድ እ.ኤ.አ. በ1955 ሐሳቡን አስፍተው ጻፉት። መልእክቱ መጀመሪያ ቀድሞ የሚሰማ ሰው ጋ ይደርሳል፤ ከእሱ ወደ ሌላው ይሄዳል። ሃንዳውታችሁ ሁለት እርምጃ ፍሰት የሚለው ይህንን ነው።

እኛ ጋ እንዴት እንደሚሠራ እዩት። ሞንታርቦ የጫነ መኪና ከተማውን ቢዞር «ፊልም መጥቷል» የሚለው ዜና ይደርሳል። «ይታያል» የሚለው ምስክርነት ግን የሚገኘው ቡና ላይ ነው፤ ደሴ ተምራ የመጣች ልጅ አንድ ጊዜ ስትናገር። ሚሞሪ ካርድ ላይ ፊልም የሚጭነው ልጅም ከማንም በላይ ይታመናል። ደንበኛው «ጥሩ ጥሩውን ጫንልኝ» ብሎ ካርዱን ሰጥቶ ይሄዳል፤ የሚመርጠው ልጁ ነው። የአምባሰል ገጠር ድረስ የአማርኛ ፊልም የሚያደርሰው ዋነኛ አከፋፋይ እሱ ሆኗል ብል አላጋነንኩም።

ችግሩ ከዚህ መንገድ ለፊልሙ ባለቤት አንድ ብር አይደርሰውም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ቆይቷል፤ ሕጉ አለ፣ ገጠር ድረስ የሚሄድ ሕጋዊ ሥርጭት ግን የለም። መልሳችሁ ላይ ሁለቱንም ጻፉ። ሌብነቱን ብቻ አውግዞ ተመልካቹ ሌላ ምን አማራጭ እንዳለው የማይጠይቅ መልስ ጎዶሎ ነው።

5. አንድ ፊልም፣ ሁለት ተመልካች

የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስም በበርሊን ፓኖራማም የተመልካች ሽልማት አገኘ። የአንጀሊና ጆሊ ስም በዋና ፕሮዲውሰርነት ሲጨመር የውጭ ጋዜጦች ሁሉ ጻፉለት። ስለ ጠለፋ የሚናገር የአማርኛ ፊልም ለውጭ ተመልካች ሲቀርብ፣ እሱ የሚያውቀው አንድ ስም ከጎኑ መቆሙ በር ይከፍታል።

አዲስ አበባ ላይ ግን የምርቃቱ ዕለት ታዳሚው አዳራሽ ከገባ በኋላ በፍርድ ቤት እግድ ቆመ፤ የታሪኩ ባለቤት መብት ጥያቄ ተነስቶበት ነበር። እግዱ ተነስቶ በኋላ ታየ። ለውጭው ተመልካች «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» የሚለው ሐረግ ማስተዋወቂያ ነው። አገር ቤት ያ ታሪክ ባለቤት አለው፣ ዘመድ አለው፣ ፍርድ ቤት አለው።

6. ወሎ ከካሜራው ፊት

አሁን ከሁሉም በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ምሳሌ። በ1965 እና በ1966 ወሎ በረሃብ ሲያልቅ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ መጥቶ «ያልታወቀው ረሃብ» የተባለውን ዘጋቢ ፊልም ቀረጸ። ጥቅምት 8 ቀን 1966 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። የእንግሊዝ ሰው አይቶ ደነገጠ፣ ገንዘብ አዋጣ። ለዚያ ተመልካች ፊልሙ የእርዳታ ጥሪ ነበር።

ዓመት ሊሞላው ሲል ያው ምስል አዲስ አበባ ላይ ሌላ ፊልም ሆኖ ወጣ። ደርግ ከቤተ መንግሥት የድግስና የምቾት ምስሎች ጋር እያፈራረቀ ቀጣጥሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። በማግስቱ መስከረም 2 ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ። የሚታየው የተራበ ሰው ያው ነው፤ ጥሪው ግን ክስ ሆኗል። የሚታይበት ምሽትም ተመርጧል፤ በፊልም ቋንቋ የመልቀቂያ ቀን የምንለው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተውን ልንገራችሁ። ስቱዋርት ሆል እ.ኤ.አ. በ1973 ባቀረበው ጽሑፍ ተመልካች መልእክትን በሦስት መንገድ ሊፈታ ይችላል ይላል፦ ላኪው እንደፈለገው፣ በከፊል ተቀብሎ፣ ወይም ተቃውሞ። የደርግን ቅንብር በዚህ ሥር «የተቃውሞ ንባብ» ብላችሁ ብትጽፉ ነጥብ ታጣላችሁ። ትርጉሙን የለወጠው አዲሱ አቀናባሪ ነው፤ ምስሉ እንደ አዲስ መልእክት ተሠርቶ ለሌላ ተመልካች ተላከ። የሆል ሐሳብ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያን ማታ ቴሌቪዥኑ ፊት የተቀመጠው መኳንንት፣ ተማሪና ወታደር በየፊናው እንዴት ፈታው ብላችሁ ስትጠይቁ።

እንግዲህ ከሦስቱ ጥያቄዎች የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አምጧቸው። ፊልሙ ለማን ነበር? መጀመሪያ ለለንደን፣ ቀጥሎ ለአዲስ አበባ። የት ታየ? ቴሌቪዥን ባለበት ቤት። ያኔ ቴሌቪዥን በአብዛኛው የአዲስ አበባ ነገር ነበር። ፊቱ የታየው የወሎ ገበሬ በሁለቱም የተመልካች ዝርዝር ውስጥ የለም። ስለ እሱ ተወራ፣ በእሱ ስም ገንዘብ ተሰበሰበ፣ በእሱ ስም መንግሥት ወረደ፤ ምን እንደሚያይና ምን እንደሚል የጠየቀው ግን አልነበረም። ይህን የምጽፈው ነገሩ ስለሚያመኝ ነው። ወሎ በዓለም ስክሪን ላይ ደጋግሞ ታይቷል፤ በተመልካችነት የቆጠረው ጥቂት ነው። ይህን ምዕራፍ የሚያጠና የወሎ ልጅ ከማንም ቀድሞ ሊያየው የሚገባው ይህንን ነው።

7. መልመጃ

ይህን ጥያቄ ወረቀት ላይ ሥሩት፦ «ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ስለተፈረመው የውጫሌ ውል አነስተኛ በጀት ያለው ፊልም ተሠርቷል እንበል። የማርኬቲንግ ዕቅድ አውጡ።»

ስትመልሱ «ዒላማው ሕዝቡ ነው» ብላችሁ አትጀምሩ። ቢያንስ ሦስት ተመልካች ለዩ። ለምሳሌ የውሉን አንቀጽ 17 በታሪክ ክፍል የተማረ የአዲስ አበባ ወጣት፣ ውጭ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ፣ የውጫሌና የአካባቢው ነዋሪ። ለእያንዳንዱ ማሳያውን ምረጡ፦ ለመጀመሪያው ሲኒማ ቤት፣ ለሁለተኛው የተከራዩት አዳራሽና ዩቲዩብ፣ ለሦስተኛው የትምህርት ቤት ግቢ፣ ፕሮጀክተርና ጄኔሬተር። የመልቀቂያ ቀን ስትመርጡ ወሎ መሆኑን አትርሱ፤ ዐቢይ ጾምንም ረመዳንንም አብራችሁ ቁጠሩ፣ የአጨዳውንም ወር አስቡ። ቀጥሎ የሚታመነውን ሰው ጻፉ፦ የታሪክ መምህሩ፣ የአገር ሽማግሌው፣ ሚሞሪ የሚጭነው ልጅ። ለዚህ የመጨረሻው ፊልሙን በሕጋዊ መንገድ የሚሸጥበት ክፍያ አስቡለት። ፖስተርና ትሬይለር ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ፤ እያንዳንዱም ከላይ ከለያችሁት ተመልካች ለየትኛው እንደሆነ ይጻፍ።

የሠራችሁትን በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ አንብቤ አስተያየት እሰጣለሁ። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ገልጬ መጀመሪያ የማየው ለውጫሌ ነዋሪ ያወጣችሁትን ዕቅድ ነው። ታሪኩ የተፈጸመው እሱ አገር ነው፤ ፊልሙንም ቀድሞ ሊያየው የሚገባው እሱ ነው።

መልካም ፈተና።