የድሮ የኮምፒውተር ጎልፍ ሜዳን ለአዲስ ጨዋታ ማደስ

ሞጣ ላይ ቆሞ ወደ ደቡብ ያየ ሰው ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን የጮቄን ተራራ ያገኛል። ፊቱን ወደ ዓባይ ሲያዞር ደግሞ መሬቱ እየወረደ፣ እየተሰነጠቀ በረሃ ይገባል። ቢቸና በበኩሏ በጥቁር ዋልካ ላይ በተዘረጋ የጤፍ ማሳ ተከብባ ትታያለች። እዚህ ያደገ ልጅ ከብት ሲያግድ ውኃ የሚተኛበትን ረባዳ፣ ሩር የምትንከባለልበትን ቁልቁለትና እግር የሚያዝለውን ዳገት ሳይለካ ያውቃል። ለዛሬ የማስተዋውቀው ሙያ፣ ማለትም የኮምፒውተር ጎልፍ ሜዳ መሥራትና ማደስ፣ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው ይህንኑ መሬት የማንበብ ችሎታ ነው።

ጎልፍ በአጭሩ ሲገለጽ ትንሽ ኳስ በዱላ እየመቱ 108 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ ውስጥ ማስገባት ነው። በጥቂት ምት የጨረሰ ያሸንፋል። ሙሉ ሜዳ 18 ጉድጓድ አለው፤ ለዚህ ልማድ መነሻ የሆነው የስኮትላንዱ የሴንት አንድሩስ ሜዳ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1764 የጉድጓዶቹን ቁጥር ወደ 18 ዝቅ አድርጓል። በአገራችን አዲስ አበባ ውስጥ ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ የጎልፍ ክለብ አለ። ዱላና ኳስ ግን ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደሉም፤ የገና ጨዋታ አለና።

ጎልፍ ወደ ኮምፒውተር ከገባ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1990 አክሰስ ሶፍትዌር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሊንክስ የተባለውን የጎልፍ ጨዋታ አወጣ። ኩባንያውን ማይክሮሶፍት ከገዛው በኋላ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሊንክስ 2001፣ በታዋቂው ተጫዋች በአርኖልድ ፓልመር ስም የተሰየመ የሜዳ መሥሪያ ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ ሜዳ መሥራት የኩባንያ ሥራ ብቻ መሆኑ ቀረ። ጨዋታውን የወደዱ ሰዎች ያለ ክፍያ ወራት እያጠፉ የራሳቸውን ሜዳ ሠሩ። በኋላ የመጡት እንደ ዘ ጎልፍ ክለብና ጂ ኤስ ፕሮ ያሉ ጨዋታዎችም ይህንን በር ክፍት አድርገውታል።

ችግሩ የሚመጣው ጨዋታው ሲታደስ ነው። ሜዳ ሲከፈት ሥዕል ቢመስልም በውስጡ አራት ነገሮች ይዟል፦ የእያንዳንዱን ነጥብ ከፍታ፣ የሣሩንና የአሸዋውን ዓይነት፣ የዛፎችን ዝርዝርና ቦታ፣ እንዲሁም የመነሻና የጉድጓድ ነጥቦችን። አዲሱ ጨዋታ እነዚህን በሌላ አሠራር ስለሚያነብ የድሮው ፋይል ወይ አይከፈትም፣ ወይ ተጣሞ ይከፈታል። የሣር ክዳን ቤትን ቆርቆሮ ለማልበስ ማገሩ እንደሚስተካከለው ሁሉ እዚህም ከሥር መነሣት ግድ ይላል።

ሥራው በከፍታ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2000 ኢንዴቨር የተባለችው መንኮራኩር በ11 ቀን በረራ አብዛኛውን የዓለም የብስ በራዳር ለክታለች። በየ30 ሜትሩ የተለካው ዝርዝር መረጃ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በነፃ የተለቀቀ ሲሆን ቅድሚያ ያገኘችው አፍሪካ ናት። ስለዚህ አንድ የሞጣ ወጣት ከከተማው እስከ ዓባይ አፋፍ ያለውን መሬት ኮምፒውተሩ ላይ ማውጣት ይችላል። ለተራራና ለገደል ይህ ከበቂ በላይ ነው። ጉድጓዱ ያለበት ለስላሳ ሣር፣ ግሪን የሚባለው፣ ግን ስፋቱ ብዙ ጊዜ 500 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህ መረጃ ላይ ሙሉው ግሪን ከአንድ ነጥብ አያልፍም። ባለሙያዎች ከአውሮፕላን በሌዘር የተለካ መረጃ ሲያገኙ ከአንድ ሜትር ያነሰውን ጉብታ ሳይቀር ይይዛሉ። ይህ በሌለበት መሬቱን በእጅ መለካት ይቻላል። ግንበኞቻችን ግልጽ የፕላስቲክ ጎማ ውስጥ ውኃ ሞልተው መሠረት ያስተካክላሉ፤ በዚያው ጎማ በየሁለት ሜትሩ የከፍታውን ልዩነት እየመዘገቡ መሄድ ለአንድ ግሪን ይበቃል።

ቀጥሎ ሣርና ዛፍ ይመጣል። የድሮው ጨዋታ ዛፎች ጠፍጣፋ ሥዕሎች ነበሩ፤ በአዲሱ ግን ቅርንጫፍና ጥላ አላቸው፣ ኳስም ያቆማሉ። አዳሹ እያንዳንዱን ዛፍ በአዲሱ መተካት አለበት፤ በጨዋታው ክምችት ውስጥ የሚያገኘው ግን አብዛኛው የአውሮፓና የአሜሪካ ዛፍ ነው። ቤተ ክርስቲያን የሚከብቡትን ወይራና ጽድ የፈለገ ሰው ፎቶ አንስቶ ራሱ ይቀርጻቸዋል። አገሩን አገር የሚያስመስለው ይህ ድካም ስለሆነ ሊታለፍ አይገባም።

ሦስተኛው ጉዳይ አየር ነው። ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ፤ እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ጠለል ላይ ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ 200 ሜትር የሚሄድ ምት እዚህ 220 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2020 በሜክሲኮ ሲቲ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ በተካሄደው ውድድር የዓለም ታላላቅ ተጫዋቾች ርቀታቸውን እንደገና ማስላት ነበረባቸው። እንደ ጂ ኤስ ፕሮ ያለው ጨዋታ የሜዳውን ከፍታ ያስሞላል። ድሮ ያለ ከፍታ ስሌት የተሠራ ሜዳ በዚህ ሲታደስ፣ ተጫዋቹን ያስፈራ የነበረው የአሸዋ ጉድጓድ በአንድ ምት የሚዘለል ይሆናል። አዳሹ አሸዋውን ወደፊት ይገፋዋል ወይም መነሻውን ወደ ኋላ ይስበዋል።

የሙያው ልብ እዚህ ላይ ነው። መቀዳት ያለበት የመጀመሪያው ሠሪ ለተጫዋቹ ያቀረበው ጥያቄ ነው፦ ገደሉን ትዘላለህ ወይስ ዙሪያውን ትሄዳለህ? የግሪን ተዳፋትም እንዲሁ ይፈተሻል። በዝግተኛው የድሮ ሣር ላይ ያምር የነበረ ተዳፋት፣ በፈጣኑ አዲስ ሣር ላይ ኳሷን ጉድጓዱ አጠገብ ማቆም ይከለክላል። ጉድጓድ የሚቀመጥበት ቦታ በአንድ ሜትር ከ3 ሳንቲ ሜትር ብዙ ባይወርድ ይመረጣል። ከዚያ በጀማሪም በብርቱም አቅም ደጋግሞ መጫወት፣ ማረም፣ እንደገና መጫወት ነው።

ሥነ ምግባርም አለው። የሌላ ሰው ሜዳ ሲታደስ ሠሪው ፈቃድ ይጠየቃል፣ ስሙም ከአዳሹ ስም በፊት ይጻፋል። ጨዋታውም አንድ ቀን ማርጀቱ ስለማይቀር፣ የከፍታው መረጃ፣ ፎቶዎቹና የልኬት ማስታወሻው ከጨዋታው ውጭ ለብቻቸው ይቀመጣሉ።

ቢቸናና ሞጣ ለዚህ ሥራ የሚሆን መሬት አላቸው፤ የኮምፒውተር ሜዳ ደግሞ የማንንም የጤፍ ማሳ አይነካም፣ ከብት ከግጦሽ አያፈናቅልም። የጮቄን ግርጌና የዓባይን አፋፍ በእግራቸው የሚያውቁ ወጣቶች መሬታቸውን ራሳቸው ለክተው፣ ዛፉን ራሳቸው ቀርጸው፣ በስማቸው ለዓለም ተጫዋች ቢያቀርቡት ደስ ይለኛል። ለመጀመር ዘጠኝ ጉድጓድ ይበቃል።