የተጣራ ገቢ ከቀን ቆጠራ ይጀምራል፦ የቀፎ ሠሪውና የአሠልጣኙ ሒሳብ



የዛሬው ንግግሬ ዕቃ ሠርቶ የሚሸጥና ሙያውንም ለሌሎች የሚያስተምር ሰው የተጣራ ገቢውን እንዴት እንደሚያሰላ ያስረዳል። ለምሳሌ የወሰድኩት በዋግ ኽምራ፣ በዝቋላ ወረዳ ዋና ከተማ በጽጽቃ የሚኖር የጨፈቃ ቀፎ ሠሪን ነው። ባለሙያውም ዋጋዎቹም ለስሌቱ ሲባል የታሰቡ ናቸው፤ መንገዱ ግን ለሸማኔውም ለሸክላ ሠሪዋም ያገለግላል።

ጨፈቃ በባህላዊውና በዘመናዊው መካከል የሚገኝ የሽግግር ቀፎ ነው። ግድግዳው ከቀጫጭን እንጨት ተሠርቶ በጭቃና በእበት ይለሰናል፤ ከላዩ ንቦቹ የማር እንጀራቸውን የሚሠሩባቸው አግዳሚ እንጨቶች ይደረደራሉ። የአንዱ አግዳሚ ስፋት 3.2 ሳንቲሜትር ሊሆን ይገባል። ልኩ ከተዛባ ንቦቹ እንጀራውን ከአንዱ አግዳሚ ወደ ሌላው ስለሚያያይዙት ቀፎውን ከፍቶ መመርመር ያስቸግራል። ስለዚህም ሠልጣኝ አጥብቦ የቆረጠው ጣውላ ይጣላል፤ ይህም የአሠልጣኙ ወጪ ነው።

በቅድሚያ የሽያጩን ሒሳብ እንመልከት። መጋዙ፣ መላጊያውና መዶሻው በ6,000 ብር ተገዝተው 200 የሥራ ቀን ቢያገለግሉ፣ የአንድ ቀን የእርጅና ቅናሽ 30 ብር ይሆናል። ባለሙያው በሁለት ቀን አንድ ቀፎ ሠርቶ በ1,200 ብር ይሸጣል እንበል። ለጣውላ፣ ለሚስማርና ለሽቦ 540፣ ጭቃና እንጨት ለሚያመላልስለት ሰው 100፣ ለመሣሪያ እርጅና 60 ብር ሲቀነስ 500 ብር ይቀራል። እንግዲህ የቀኑ ዋጋ 250 ብር ነው።

አሁን በሰቆጣ ለሦስት ቀን እንዲያሠለጥን፣ በቀን 1,000 ብር እንዲከፈለው ተጠየቀ። 3,000 ብር ብዙ ይመስላል። ነገር ግን ለደርሶ መልስ ትራንስፖርት 400፣ ለምግብና ለማደሪያ 900፣ ለማሠልጠኛ ጣውላና ሚስማር 680፣ ለአራት ቀን የመሣሪያ እርጅና 120፣ በድምሩ 2,100 ብር ይወጣል። የሚቀረው 900 ብር ነው።

ቀኖቹስ? ሦስቱ የሥልጠና፣ ሁለቱ የጉዞ፣ አንዱ የዝግጅት ናቸው፤ በጠቅላላው ስድስት። 900 ለስድስት ሲካፈል በቀን 150 ብር ይደርሰዋል። ቤቱ ቢቀመጥና ገዢ ካለው፣ በእነዚሁ ቀናት ሦስት ቀፎ ሠርቶ 1,500 ብር ያገኝ ነበር። ስለዚህ ሥልጠናው ትርፍ መስሎ 600 ብር አሳጥቶታል።

ሊጠይቅ የሚገባው ዝቅተኛ ክፍያ እንደሚከተለው ይሰላል፦ ወጪው 2,100 እና የስድስቱ ቀናት ዋጋ 1,500 ተደምረው 3,600 ብር፤ ይህ ለሦስት የሥልጠና ቀን ሲካፈል በቀን 1,200 ብር። ጠሪው መሥሪያ ቤት ማደሪያውንና ምግቡን ከሸፈነ 900 ብር ተቀንሶ የቀን ክፍያው ወደ 900 ብር ይወርዳል።

የቀን ዋጋ ግን ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም። አናቢዎች ከክረምት በኋላ ከሚመጣው የአበባ ወቅት በፊት ቀፎ ስለሚሹ፣ ያን ጊዜ የባለሙያው ቀን ይወደዳል፤ ገዢ በሌለበት ወር ደግሞ በቀን 150 ብር የሚያስገኝ ሥልጠናም የሚመረጥ ሊሆን ይችላል።

ስለሆነም በደብተራችሁ ከገቢና ከወጪ ዓምድ ጎን አንድ የቀን ዓምድ ጨምሩ። በእጅ የገባ ብር ስንት ቀን እንደፈጀ ካልተጻፈ፣ ባለሙያው ጉልበቱን እየሸጠ መሆኑን እንጂ በስንት እንደሸጠው አያውቅም።