ልጁ ጠየቀ፤ ማን ይመልስለት?

ባለፈው እሁድ ዊተን፣ ሜሪላንድ ከአንድ ወዳጃችን ቤት ለቡና ተሰብስበን ነበር። እንደ ልማዳችን የአገር ቤት ፖለቲካ ክርክር በጋለበት ሰዓት የ15 ዓመት ልጁ ከስልኩ ቀና ብሎ «አባዬ፣ ሰው ለምንድነው የገዛ ወገኑን የሚገድለው?» ሲል ጠየቀ። ቤቱ ጸጥ አለ። «ይልቅ ሂድና የቤት ሥራህን ሥራ!» አለው አባት። ልጁም ሄደ፤ እኛም ወደ ክርክራችን ተመለስን።

ወዳጃችንን ለመውቀስ አይደለም። እኛም በመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅነት ዘመናችን «ለምን?» የሚለውን በቀይ እስክሪብቶ ስንሰርዝ የኖርን ነን። ፍርሃቱ ባሕር ተሻግሮ አብሮን መጥቷል።

የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ሜሪ ሄለን ኢሞርዲኖ-ያንግና ባልደረቦቻቸው በ2024 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ግን ዝምታችን ምን እንደሚያሳጣ ይጠቁማል። ከ14 እስከ 18 ዓመት ለሆናቸው 65 የሎስ አንጀለስ ልጆች የሌሎች ወጣቶችን እውነተኛ ታሪክ እያሳዩ ስሜታቸውን ጠየቁ፤ አንጎላቸውንም በኤምአርአይ አነሱ፤ ከ2 ዓመት በኋላም ደገሙት። «ምስኪን!» ብለው ከማለፍ ይልቅ ነገሩን ከፍትሕ፣ ከታሪክና ከራሳቸው ሕይወት ጋር አያይዘው ያሰቡት ልጆች፣ በሐሳብ በምንመሰጥበትና በሥራ ላይ በምናተኩርበት የአንጎል መረቦች መካከል ያለው ትስስር ይበልጥ ጠንክሮላቸው ተገኘ። የቤተሰብ ገቢም ሆነ የአእምሮ ፈተና ውጤት ይህን አልቀየረውም። ይህ ዕድገት ቆይቶ ማንነትን ከማወቅ፣ በ20ዎቹ ዕድሜ መጀመሪያም በራስና በወዳጅነት ከመርካት ጋር ተያይዞ ታይቷል።

ለዚህ የሚሆን ታሪክ እኛ ምን አጥተን! ቅዳሜ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። በማግሥቱ እሁድ አፋር፣ ሐዳር ላይ የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ቅሪተ አካል ተገኘች። ፈረንጆቹ ሉሲ፣ እኛ ድንቅነሽ አልናት። የሰው ልጅ ሁሉ ዘመድ በወጣችበት አገር፣ ወንድም ወንድሙን በአንድ ጉድጓድ ቀበረ።

የልጁ ጥያቄ በእነዚህ ሁለት ቀናት ውስጥ አለ። ከዊተን ባቡር ተሳፍሮ ዋሽንግተን፣ ስሚዝሶንያን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም መውረድ ነው፤ መግቢያው ነጻ ነው። ከድንቅነሽ ምስል ፊት አብሮ ቆሞ መደነቅ፣ ከዚያም ሁለቱን ቀናት ነግሮ «አንተስ ምን ትላለህ?» ማለት። መልሱን ባናውቀው «አላውቅም፣ አብረን እናስብ» ማለት ያሳፍራል እንዴ?

የቤት ሥራው ማታም ይደርሳል። ዛሬ ያባረርነው ጥያቄ ግን ነገ ወደ እኛ አይመለስም።

ቸር ይግጠመን።