በጨርቅ የተጠቀለለው ኪታብ

እዚህ ኮልፌ ቀራንዮ አንዳንድ ቤት ከቁም ሳጥን በላይ በጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ ኪታብ አለ። አያት ከወሎ፣ ከስልጤ ወይም ከጅማ ይዘውት የመጡ ነው። በረካ ነው ተብሎ ይቀመጣል እንጂ የሚከፍተው የለም። አባወራው ወደ አኺራ ሲሄድ ወይ ይቀበራል፣ ወይ ለነጋዴ በርካሽ ይሸጣል።

ያረጀ ሙስሐፍን ንጹሕ ቦታ መቅበር ዑለሞቻችን ያስተማሩን አደብ ነው። የምለው ግን፣ ከመቅበር በፊት እንየው ነው። የሚያየውስ ማን ነው? እኔ ትምህርት ቤት ነው እላለሁ።

ምሳሌው ሩቅ አይደለም፤ ስድስት ኪሎ ነው። ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር በኋላ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ተመሠረተ፤ ሙዚየሙና ቤተ መጻሕፍቱ በዚያው ሕንፃ ገቡ። የንጉሡ መኝታ ቤት እንኳ ለጎብኚ እንዲታይ ተደርጓል። ብዙ ሙስሊም ወጣት የማያውቀው ግን፣ በዚያ ቤተ መጻሕፍት ከግዕዙ ብራና ጎን የዐረብኛና የዐጀም ኪታቦች መኖራቸውን ነው። ዝርዝራቸው እ.ኤ.አ. በ2014 ራሱን የቻለ መጽሐፍ ሆኖ ታትሟል። ሐረርም አብዱላሂ ሸሪፍ በግል ጥረታቸው ያሰባሰቧቸው ኪታቦች የራስ ተፈሪ መኖሪያ በነበረው ቤት ተቀምጠዋል።

«ሙዚየም ሥዕልና ምስል ያለበት ነው፤ ልጄን እንዴት እልካለሁ?» የሚል ወላጅ ይኖራል። ብይኑን ለዑለሞች እተዋለሁ። ነገር ግን የኛ ጥበብ በጽሕፈት፣ በሐረግና በድጉስ ላይ ያረፈ ስለሆነ፣ ልጁ ምን እንደሚያይ ካልነገርነው አጠገቡ ቆሞ ያልፈዋል።

ምን ይታያል? መጀመሪያ ወረቀቱ። የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት በብራና ሲጻፉ የኛዎቹ በአብዛኛው ባሕር ተሻግሮ በመጣ ወረቀት ላይ ናቸው። ገጹን ወደ ብርሃን ብታቀርቡት ሦስት ጨረቃ በተርታ ብቅ ሊል ይችላል። ብዙ ሰው የኢስላም ምልክት ይመስለዋል፤ የጣልያን ወረቀት ሠሪዎች ለምሥራቁ ገበያ ያወጡት የንግድ ምልክት ነው። ቀጥሎ ቀለሙ፦ ጥቁሩ ከጥላሸትና ከሙጫ፤ ቀዩ ለርእስና ለዋና ቃላት። በኅዳጉ ላይ ደረሳው ከሸይኹ አፍ የሰማውን ማብራሪያ በደቃቅ ጽሕፈት አስፍሮታል።

ትልቁ ነገር ያለው መጨረሻው ገጽ ላይ ነው። ጽሑፉ ወደ ታች እየጠበበ በሚሄድበት ቦታ የጸሐፊው ስም ከነአባቱ፣ የጨረሰበት ቀን በሂጅራ፣ አንዳንዴም ለማን ወቅፍ እንደተደረገ ይገኛል። 1300 ሂጅራ የሚል ብታገኙ በእኛ አቆጣጠር 1875 ዓ.ም. ነው። ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ አምስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው፤ የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ በታዘዘበት ዘመን! በዚያ ጭንቅ ውስጥ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ኪታብ ይገለብጥ ነበር። ፊደሉ ዐረብኛ ሆኖ ንባቡ አማርኛ ከሆነ ደግሞ ዐጀም ነው። ሸይኽ ጦልሐ ጃዕፈር ሕዝቡን ያስተማሩበት መንዙማ የተጻፈው በዚህ መንገድ ነው።

እንግዲህ አወሊያን ጨምሮ በአካባቢያችን ያሉ ትምህርት ቤቶችና መድረሳዎች አንድ መስታወት ያለው ቁም ሳጥን ቢያዘጋጁ ይበቃል። ፀሐይ የማይመታው፣ እርጥበት የሌለው ጥግ ይሁን። ደረሶች የጻፉበት አሮጌ ሉሕም ከኪታቡ ጎን ይቀመጥ። ተማሪዎች የመጨረሻውን ገጽ ፎቶ አንስተው ከዐረብኛ መምህራቸው ጋር ያንብቡት። የተቀደደውን በፕላስተር መለጠፍ ግን ክልክል ይሁን፤ ሙጫው ወረቀቱን ይበላዋል። ለነጋዴ መስጠትም ሕግ አለበት፦ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል።

ኪታቡን ለዘለቄታው መስጠት የከበደው ቤተሰብ በአማና ያስቀምጥ። መዝገብ ላይ የባለቤቱ ስም፣ የመጣበት አገርና ቀኑ ይጻፍ፤ ሁለት ምስክር ይፈርም፤ ባለቤቱ በጠየቀ ጊዜ ይመለስለት።