ነዳጅ ሲቀር ምን ይመጣል?



ካርቱም ዐማራት ሰፈር የሠራ ወገናችን ጄኔሬተርን በድምፁ ያውቀዋል። ከጦርነቱ በፊት መብራት ጥፍት ሲል በትልልቆቹ ግቢዎች ጄኔሬተር ይነሣ ነበር። ናፍጣ መግዛት ያልቻለ ቤት ደግሞ ሻማ ይለኩሳል። እ.ኤ.አ. አፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ሲጀመር፣ ዐማራት ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ስለሆነ ብዙው ሰው ጥሎ ወጣ። እዚያ ያየነው ነገር ግን ለዛሬው ርእሳችን ይጠቅመናል፤ ነዳጅ የመኪና ጉዳይ ብቻ አይደለም።

እስቲ ከትርጉሙ እንጀምር። የቅሪተ አካል ነዳጅ የሚባሉት ድፍድፍ ዘይት፣ የተፈጥሮ ጋዝና የድንጋይ ከሰል ናቸው። ከሚሊዮን ዓመታት በፊት ከተቀበሩ ዕፀዋትና ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት የተገኙ ናቸው። ሲቃጠሉ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምድርን ያሞቃል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ዱባይ ላይ የተሰበሰቡት መንግሥታት ከእነዚህ ነዳጆች ቀስ በቀስ ለመውጣት ተስማሙ። ታዲያ ሲቀሩ ምን ይሆናል? መልሱ በአቀራረባቸው ይወሰናል።

በድንገት ከሆነ ምን እንደሚመስል ሱዳን አይታዋለች። ሱዳን ድፍድፍ ዘይት ወደ ውጭ መላክ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በሚቀጥሉት ዓመታት ካርቱም ውስጥ ሕንፃው፣ መኪናውና ሥራው በዛ። በ2011 ግን ደቡብ ሱዳን ነፃ አገር ስትሆን ከዘይቱ ምርት ሦስት አራተኛው ያህል አብሯት ሄደ። ጉድጓዶቹ አልደረቁም፤ የካርቱም ካዝና ግን ደረቀ። የውጭ ምንዛሪ ጠፋ፣ ጊኒው ወደቀ። በ2013 መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ሲቀንስ የትራንስፖርቱም የምግቡም ዋጋ ናረ፤ በተነሣው ተቃውሞም ሰው ሞተ።

አስቦ የሚተውስ? ኢትዮጵያ ቤንዚንና ናፍጣዋን ከውጭ ትገዛለች፤ መብራቷ ግን ከሞላ ጎደል ከውኃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቀ። በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ የሕዳሴው ግድብ ተመረቀ፤ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ለቤንዚን የሚወጣው ዶላር ይተርፋል፣ የከተማው ጭስ ይቀንሳል። ችግሩም አለ። የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይት አይቀይርም፤ ስለዚህ የጋራዥ ሠራተኛው ሙያውን እንደገና መማር አለበት። ቻርጅ ማድረጊያው ከከተማ ሲወጡ ይጠፋል። የጅቡቲን መንገድ የሚያመላልሱት ከባድ መኪኖችም ዛሬም በአብዛኛው በናፍጣ ነው የሚሄዱት።

አሁን ወደ ካምፓችን እንምጣ። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት ነገር አለ። የእንጨት ከሰል ከዛፍ ነው፤ የቅሪተ አካል ነዳጅ አይደለም። ጋዝና ላምባ ሲወደድ ወይም ሲጠፋ ሰው ምግብ ማብሰሉን አይተውም፤ ወደ እንጨት ይመለሳል። ያን ጊዜ ዛፉ ያልቃል፣ መንገዱ ይርቃል። እንጨት ለቀማ የምትላከው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ልጃገረዷ ናት። ከክፍል የምትቀረው እሷ ናት፤ በመንገድ ላይ አደጋ የሚያገኛትም እሷኑ ነው።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው፤ ነዳጅን መተው ይገባል፣ ግን ምትኩ ቀድሞ ይምጣ። ሶላሩ፣ እንጨት ቆጣቢው ምድጃና የሙያ ሥልጠናው ቀድመው ሲደርሱ ለውጡ እፎይታ ይሆናል። ካልሆነ ግን ሸክሙ የሚወድቀው በድሃው ላይ ነው።

ለክፍል ውይይት፦
1. በቤታችሁ በአንድ ቀን ውስጥ በነዳጅ የመጣ ወይም የተሠራ ምን ምን አለ? ጻፉ።
2. ከእነዚህ መካከል ነገ ቢቀር በመጀመሪያ የሚጎዳው ማን ነው? ለምን?
3. ለእሱ ምትክ የሚሆን ምን ታውቃላችሁ?