መዓዛ የለሽ የተባሉት አበቦች

በአውስትራሊያ አገር በቀል ዕፅዋት ሽቶ የሚቀምሙ ትናንሽ ቤቶች ዛሬ እየበዙ ነው። በጠርሙሶቻቸው ላይ ቦሮኒያ፣ ዋትል፣ ሰንደል የሚሉ ስሞች ይነበባሉ። ይህ ሁሉ “አዲስ ግኝት” ሲባል ግን አልስማማም። ሥራው የተጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ የዘገየው አበባው ብቻ ነው። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቀድሞ የሚነሳው ስም ጆሴፍ ቦሲስቶ ነው። ከእንግሊዝ የመጣው ይህ መድኃኒት ቀማሚ በሜልበርን፣ ሪችመንድ ሰፈር ፋርማሲ ነበረው። በ1850ዎቹ መጀመሪያ በዳንደኖንግ ጅረት አካባቢ የባሕር ዛፍ ዘይት ማውጣት ጀመረ። ያበረታታው የቪክቶሪያ ቅኝ ግዛት መንግሥት የዕፅዋት ሊቅ፣ ጀርመን ተወላጁ ፈርዲናንድ ፎን ሙለር ነው። አሠራሩ አረቄ ሲወጣ ላየ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ቅጠሉ በትልቅ ዕቃ ታጭቆ ይከደናል፣ እንፋሎት ያልፍበታል፣ እንፋሎቱ በቀዝቃዛ ቧንቧ ሲወርድ ውሃ ይሆናል፣ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል። ዘይቶቹ በ1862 ለንደን ላይ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ቀርበዋል። ዋናው ገበያ ግን መድኃኒት ነበር፤ በምኒልክ ዘመን ወደ እኛ የመጣውን ባሕር ዛፍ ጉንፋን ሲይዘን የምንታጠነው ለዚሁ ነው። የአውስትራሊያ ነባር የአቦሪጂን ሕዝቦች ደግሞ ቅጠሉን ለጢስና ለፈውስ ከሁሉም ቀድመው ያውቁት ነበር።

ሰንደል ከ1840ዎቹ ጀምሮ ከምዕራብ አውስትራሊያ ለዕጣን ወደ እስያ ይጫን ነበር። እንጨት ስለሆነ አልቆይበትም።

የሚቆጨኝ የአበባው ነገር ነው። ገጣሚው አዳም ሊንዚ ጎርደን በ1870 በታተመ መጽሐፉ የዚያችን አገር አበቦች መዓዛ እንደሌላቸው አድርጎ ጻፈ። ብዙ ሰፋሪም እንዲሁ ያምን ነበር። ስሕተት ነው። በምዕራብ አውስትራሊያ ደቡባዊ ጥግ፣ ረግረግ ዳር የሚበቅለው ቡናማ ቦሮኒያ ብቻውን ይበቃል። ከጣት ጥፍር የማይበልጥ፣ ደወል የመሰለ አበባ ነው፤ ውጩ ቡናማ፣ ውስጡ ቢጫ። መዓዛው ውስጥ ያለው አዮኖን የተባለ ንጥረ ነገር አፍንጫን ቶሎ ያደክማል፤ ጠፋ ሲሉት ተመልሶ ይመጣል። ይህን ንጥረ ነገር በተፈጥሯቸው በደንብ የማያሸቱ ሰዎችም አሉ።

ታዲያ ለምን በዘመኑ ሽቶ አልሆነም? ቅጠልን የሚያስገብረው እንፋሎት የስስ አበባን መዓዛ ያበላሻል። በፈረንሳይ፣ ግራስ ከተማ ጃዝሚንን በመስተዋት ላይ በተቀባ ስብ ላይ ይደረድሩት ነበር፤ ቅቤ አጠገቡ ያለውን ሽታ ሁሉ እንደሚስብ ስቡ መዓዛውን ይጠጣዋል። ለዚህ ብዙ ርካሽ እጅ ያስፈልጋል፤ በአውስትራሊያ ቅኝ ግዛቶች ደግሞ የሠራተኛ ደመወዝ ውድ ነበር። መዓዛን በኬሚካል አሟሚ ማውጣት ወደ ንግድ የገባው ክፍለ ዘመኑ ሊያልቅ ሲል ነው። እንግዲህ ቦሲስቶንና ሙለርን አልወቅስም፤ የያዙት መሣሪያ ለቅጠል የተሠራ ነበር።

ብርማ ዋትል የተባለው ዛፍ ዕጣ የባሰ ነው። ከአውስትራሊያ ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ተወስዶ በካን አካባቢ ኮረብቶች ተስፋፋ፤ እዚያ “ሚሞዛ” ተብሎ የፈረንሳይ ሽቶ ቀማሚዎች መዓዛ ሆነ። ቢጫ አበባውን ዛሬም ብዙ ሰው የፈረንሳይ ይመስለዋል።

ቦሮኒያ ግን አገሩ ቀርቷል። ዛሬ ከተወለደበት ምዕራብ ርቆ በታዝማኒያ ደሴት በእርሻ ይለማል፤ መዓዛውም የሚወጣው በእንፋሎት ሳይሆን በአሟሚ ነው።